ልጁ ከደወል በኋላ የት ይቆያል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ ሲመካከር ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ የትምህርት ቤቱ ነጥብ ስንት ነው? ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠባብ አፓርታማ ወጥቶ ጀርመንታውን ወይም ክላርክስበርግ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወጥቶ ዉድብሪጅ ታውን ሀውስ ሊገዛ የተነሳ ሰው የመኝታ ክፍሉን ብዛትና የሞርጌጁን ወለድ እንቅልፍ አጥቶ ያሰላል። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወላጅ እስኪመጣ ማን ዘንድ እንደሚቆይ የሚታሰበው ግን ብዙ ጊዜ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል እንድንገለብጠው እለምናለሁ።

ሰዓቱን እንየው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ አቆጣጠር 3፡25 ወይም 3፡50 ላይ ይለቃሉ፤ ሁለተኛ ደረጃዎቹ 2፡30 ላይ ነው። ዲሲ መሀል ፓርኪንግ የሚሠራ አባት 5 ሰዓት ላይ ቢወጣ፣ በዚያ ሰዓት በ270 አውራ ጎዳና ላይ እየተንፏቀቀ ክላርክስበርግ የሚደርሰው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። እናትየው ነርሲንግ ሆም የማታ ተረኛ ከሆነች እሷ የምትወጣው ልጁ በሚገባበት ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነ ክፍተት ማለት ነው። በዚህ ላይ ተማሪዎች በግማሽ ቀን የሚለቀቁባቸው ቀናት፣ በረዶ የጣለባቸው ጠዋቶችና ረጅሙ የክረምት ዕረፍት አሉ። ራቅ ብሎ የተገኘ ርካሽ ቤት ዋጋው የሚቀንሰው በወረቀት ላይ ነው፤ የቀረውን ልጁ በየቀኑ በብቸኝነት ይከፍለዋል።

ስለዚህ ቤቱን ልታዩ ከመሄዳችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውሉ። አሠራሩ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። በፌርፋክስ ካውንቲ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያቆየውን ፕሮግራም የሚመራው ካውንቲው ራሱ ነው፤ ክፍያውም በቤተሰቡ ገቢ ልክ ዝቅ ይላል። በሞንትጎመሪ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ክፍሎች ተከራይተው አፍተር ኬር የሚሰጡት በአብዛኛው የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም፣ ያላቸው ቦታም ይለያያል። ሁለቱም ጋ ወረፋ ያጋጥማል። በነሐሴ ገብቶ በመስከረም ቦታ አገኛለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ነው። ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉ። ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ወላጅ ቅጣቱ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ትምህርት በሌለባቸው ቀናት ልጆቹን ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። በጎረቤት ቤት ያለ ዴይኬር ከመረጣችሁም ፈቃዱን እዩ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው፤ የቁጥጥር ሪፖርቱንም ማንም ሰው በድረ ገጽ ማንበብ ይችላል። «የሀገር ልጅ ናት» ማለት ጥሩ ነው፣ ፈቃድን ግን አይተካም።

ስለ ነጥቡም ልናገር። የቤት መሸጫ ድረ ገጾች ላይ ከ1 እስከ 10 የሚታየው የግሬትስኩልስ ቁጥር በአብዛኛው ከፈተና ውጤት የሚነሳ ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጆችን ገቢ በእጅጉ ይከተላል። 5 የተሰጠው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ገና የሚማር ልጅን አንስቶ የሚያሳድግ ሊሆን ይችላል፤ 9 የተሰጠው ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙም አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ናቁት አልልም። ግን አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በሚለቅበት ሰዓት ሄዳችሁ ደጃፉ ላይ ቁሙ። ልጆቹ እንዴት ሆነው እንደሚወጡ፣ አስተማሪዎቹ በስማቸው ይጠሯቸው እንደሆነ፣ ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ወዴት እንደሚወሰድ ከዚያው ታያላችሁ።

በብዙ ቤት ለዚህ ሁሉ መልሱ «እናቴ ትመጣለች» ነው። አያት ልጅን ስታሳድግ የሚገኘው ፍቅር በገንዘብ የሚገዛ አይደለም፤ ቋንቋውንም፣ ጸሎቱንም ከእሷ የሚማር ልጅ ዕድለኛ ነው። ሆኖም በጉብኝት ቪዛ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት ስድስት ወር ነው፤ የትምህርት ዘመኑ ደግሞ አሥር ወር ይዘልቃል። መንዳት የማትችል፣ ቋንቋውን የማታውቅ፣ ሁሉ ነገር በመኪና በሚኬድበት ሰፈር ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ጋር የምትውል እናት ድካምም ይታሰብ። እሷን ለዕረፍትና ለመተያየት እንጥራት፣ የቤቱ ስሌት ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ እንዳይቆም እንጠንቀቅ።

ከዚህ የባሰው ግን ታላቅ ልጅን እናት ማድረግ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ቤት እንዳይተው ይከለክላል፤ የሚጠብቀውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላውና አስተማማኝ ሰው መሆን አለበት። ሕጉ ባይኖርስ? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ወንድሟን ከአውቶቡስ ተቀብላ፣ አብልታ፣ የቤት ሥራ አሠርታ፣ ስልክ እየጠበቀች ስትውል የራሷን ልጅነት ማን ይመልስላታል? ጎበዝ ናት እያልን የምናወድሳት ብዙውን ጊዜ ጫናዋን ላለማየት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም በድፍረት መነሳት አለበት፤ አድራሻ መዋስ። ልጅ የሚመደበው በሚኖርበት ቤት ወሰን ስለሆነ፣ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር የሚኖር ዘመድ አድራሻውን እንዲሰጥ ይለመናል። ሲታወቅ ልጁ በዓመቱ መሀል ከጓደኞቹ ይነጠላል፤ ከሌላ ካውንቲ የመጣ ከሆነ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል የሚመልሰውን ውሸት ከወላጁ ተምሮ ይሄዳል። ይህን አታድርጉ፤ ሊለምናችሁ የመጣ ዘመድንም በፍቅር እምቢ በሉት፣ ይልቅ አፍተር ኬር እስኪያገኝ ልጁን በመቀበል አግዙት።

ደግሞም ወሰን ቋሚ አይደለም። በሞንትጎመሪ ዉድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን እንደገና ለመክፈት ሲታቀድ የብዙ ሰፈሮችን ወሰን የሚነካ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። ለአንድ ትምህርት ቤት ስም ብላችሁ ከአቅም በላይ ከመበደራችሁ በፊት ይህንንም ጠይቁ። ስትጠይቁ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

የመጨረሻው ልመናዬ ለማኅበረሰቡ መሪዎች ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ምእመናን ከደመወዛቸው እየቀነሱ የገዟቸው የአምልኮ ሕንፃዎች አሉን። እሁድ የሚሞሉት ክፍሎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራባቸዋል? ፈቃድ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ የእሳት አደጋ ፍተሻ፣ የሠራተኞች የጀርባ ታሪክ ማጣራት፣ ሥልጠናና መድን ይፈልጋል። ከመካከላችን ግን ዴይኬር ከፍተው ዓመታት የሠሩ እናቶችና በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ። የየአምልኮ ቤቱ ቦርድ በሚቀጥለው ስብሰባው እነሱን ጠርቶ፣ ከግዛቱ የፈቃድ ቢሮ ማመልከቻውን አስመጥቶ፣ በአቅራቢያው ካሉት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንት የኛ ልጆች እስከ 6 ሰዓት ድረስ መቆያ እንደሚያስፈልጋቸው ይቁጠር።