የሰንጋው ዋስ

አንድ የጅሩ ገበሬ እርሻው ሲያበቃ ከበሬዎቹ አንዱን ከቀንበር አሳርፎ ያደልበው ጀመር። ጓያ እየፈጨ፣ የባቄላ ክክ እየዘፈዘፈ፣ ፋጉሎ በጨው እያሸ በእጁ ያጎርሰዋል። ሌሊት ተነሥቶ ጭድ ይጨምርለታል፤ ጠዋት አውጥቶ ገላውን ያሸዋል። ፋሲካ ሲቃረብ ሰንጋው በጋጣው በር በጭንቅ ይወጣ ጀመር፤ ሻኛው ከብዶት ወደ ጎን ዘመመ። ገበያ የሚሄደው ሁሉ ቆም ብሎ ሳያየው አያልፍም።

ገበሬው «እዚሁ ብሸጠው የሰፈር ዋጋ ነው የሚሰጡኝ» አለና ሩቅ ገበያ ሊወስደው ቆረጠ። ሚስቱ በሶውንና ቆሎውን እየቋጠረችለት፣ «የሚያውቅህ ሰው ይዘህ ሂድ እንጂ፤ አበልጅህ ይከተልህ» አለችው።

«እሱ ምን ያደርግልኛል? በሬው ራሱ ይናገራል።» በቀንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረለትና ወጣ።

እዚያ ሲደርስ ነጋዴዎች ከበቡት። ሽንጡን ጨበጡ፣ ጥርሱን ፈልቅቀው አዩ፣ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ዋጋው ተቆረጠ። ገዢው ብሩን ቆጥሮ ጨረሰና ሊሰጠው ሲል እጁን ሰበሰበ።

«በል ዋስህን ጥራ።»

«የምን ዋስ?»

«በሬው የተሰረቀ ቢሆን የማንን ቤት ላንኳኳ?»

«እኔኮ የጅሩ ሰው ነኝ፤ አገር ያውቀኛል!»

«እዚህ የሚያውቅህን አንድ ሰው አሳየኝ።»

ግራ ቀኙን ቢያይ የሚያውቀው ፊት የለም። ሰዉ እየተሰበሰበ ሄደ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «እንዲህ ያለ ሰንጋ ይዞ ይህን ሁሉ መንገድ ብቻውን ምን አመጣው?» አለ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ተበላሸ። መናኛ በሬ ይዞ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠረጥረውም ነበር፤ የደከመበት ውፍረት ራሱ መስካሪ ሆኖ ተነሣበት። ሰንጋው ከገበያው አጥር ላይ ታሰረ፤ እሱም ወደ ጅሩ መልእክት ላከ። አጠገቡ አንድ ከሲታ በሬ የያዘ ሰው ዋሱን ጠርቶ፣ ሸጦ፣ ከቀትር በፊት ወደ ቤቱ ሄደ።

አበልጁ ሲደርስ ፋሲካ አልፏል። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አውቀዋለሁ፤ በሬውም የራሱ ነው።» ሰንጋው ተፈታ። ዋጋው ግን ከበዓሉ ጋር ሄዷል።

ይህን የምናገረው ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ለሚሸኙ የጅሩዋ ከተማ የእነዋሪ ቤተሰቦች ነው። ልጅ ሊሄድ ነው ሲባል ቤቱ በሥራ ይሞላል። እናት የጅሩን ጤፍ ጋግራ ድርቆሽ ታደርቃለች፤ ገብስ ይቆላል፤ በርበሬ ይቀመማል። የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ከሆነ ሻንጣዎቹ በእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይቀነሳል፣ እናት አይኗ እንባ ሲሞላ ሽሮው ተመልሶ ይገባል፣ ጫማው ይወጣል። ይህን አልነቅፍም፤ እናት ልጇን የምትሸኘው በእጇ ሙያ ነው። የሚቆጨኝ ወረቀቶቹ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ በፌስታል ተጠቅልለው ከፍራሽ ሥር መተኛታቸው ነው።

ባዕድ አገር ላይ «አውቃታለሁ» የሚል ሰው የለም፤ ያንን ቃል የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ደግሞ ዝም ይላሉ። ፀሐይ የምትባል ልጅ ስሟ በትምህርት ማስረጃዋ በላቲን ፊደል በአንድ መልክ፣ በፓስፖርቷ በሌላ መልክ ይጻፋል። እኛ አንድ ሰው መሆኗን እናውቃለን፤ የውጭ አገሩ ጸሐፊ ግን ሁለት ሰው ያያል። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በመስከረም 1990 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1997 ልጅ ነው፤ ሳይቀየር «1990» ተብሎ ከተጻፈ በአንድ ብዕር ሰባት ዓመት አረጀ ማለት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ የሚጓዙት ወጣቶች አብዛኞቹ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጡት ካደጉ በኋላ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የገባ ስሕተት ወደ ፓስፖርቱ፣ ከፓስፖርቱም ወደ ቪዛው ይወርዳል። ስለዚህ ከምዝገባው መስኮት ሳትነሡ ስሙን በየፊደሉ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አንብቡት። ፓስፖርቱም ብዙ አገሮች ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ስለሚፈልጉ የሚያበቃበትን ቀን ቀድማችሁ እዩ።

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱት ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ሻንጣቸውን እንኳ አልያዙም ነበር፤ ያ ሁሉ ኪሎ እዚያው ቀረ። አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት ተቀብሎ ማስቀመጡ እዚያ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ከአሠሪዋ ቤት ባዶ እጇን የወጣች ልጅ ሊሴ ፓሴ የተባለውን የመመለሻ የጉዞ ወረቀት ለማግኘት መጀመሪያ ኢትዮጵያዊት መሆኗ መረጋገጥ አለበት። እነዋሪ ያለው ቤተሰቧ የፓስፖርቷ ኮፒ ከሌለው ምን ይዞ ይጠይቅላታል?

የፓስፖርቱና የቪዛው ኮፒ አንዱ በእናት ሳጥን ይቀመጥ፤ አንዱ በወንድም ስልክ በፎቶ ይያዝ፤ ሌላው ከፓስፖርቱ ተለይቶ በልጅቷ ልብስ መካከል ይግባ። የሥራ ውሉም እንዲሁ፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ውሉ በመንግሥት እንዲጸድቅ ያዘዘው ለእሷ ጥበቃ ነውና የጸደቀውን ውል ሳታዩ አትሸኙ። የአሠሪው ስም፣ የኤጀንሲው ስም፣ የኤምባሲው ስልክ፣ የቤት ስልክ በወረቀት ይጻፉ፤ ሞባይል ይወሰዳል፣ ይሰበራል። የቤቱ ታናሽ ልጅ ማንበብና መጻፍ የሚችል ከሆነ ይህን ሥራ ለእሱ ስጡት፤ ቪዛው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይጀምር።