«አንተ» እና «አንቱ»

ዛሬ ከሰዋስው አንድ ጥያቄ እናነሣለን። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ልጅ ታላቁን «አንቱ» ይላል እንጂ «አንተ» አይልም። ከተማ ስንገባ ቃሉ «እርስዎ» ይሆናል። ለጸሎት ስንቆም ግን ሰማይና ምድርን የፈጠረውን አምላክ «አንተ» እንለዋለን፤ እመቤታችንንም «አንቺ»። ለጎረቤት ሽማግሌ የማንደፍረውን ቃል ለፈጣሪ መናገራችን ድፍረት አይደለምን?

ግእዝ አንዱን ሰው በፊቱ ሲጠራ ያለው «አንተ» እና «አንቲ» ብቻ ነው፤ ገበሬውም ንጉሡም በዚሁ ይጠራል። አማርኛ ግን አክብሮትን በብዙ ቁጥር መግለጥ ለመደ፤ አንድ አባት ሲመጡ እንደ ብዙ ሰው «መጡ» እንላለን። የጎጃም ተወላጅ የነበሩት አባ አብርሃም፣ አቡ ሩሚ የተባሉት፣ በካይሮ 10 ዓመት ያህል ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። እንዲህ ያለ ተርጓሚ ሁሉ «አንተ» የሚለውን እንዳለ ልተወው ወይስ ላክብረው የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ዛሬ በምናነበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አንተ» እንዳለ ቀርቷል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የፈረንሳይ ካቶሊኮች አባታችን ሆይን ለረጅም ዘመን በአክብሮት ቃል «ቩ» እያሉ ከጸለዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 «ቱ» ወደሚለው ወደ «አንተ» መልሰውታል። የእንግሊዞችም «ዛው» ጥንት የወዳጅና የቤተሰብ ቃል ነበረ፤ ከዕለት ንግግር ጠፍቶ በጸሎት ስለ ቀረ አሁን የክብር ቃል መስሎ ይሰማል። እንግዲህ «አንተ» በራሱ ንቀት የለበትም፤ ልጅ ወደ አባቱ የሚቀርብበት ቃል ሊሆን ይችላል።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉን ሰው አንተ ብንል ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። በጸሎት ውስጥ ያለው ቃል አንድ ስለሆነ ክብር የተነፈገ የለም። በገበያ ግን ቃሉ ሁለት ነው፤ ሁለት ቃል ባለበት አንዱን መምረጥ መፍረድ ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ለዕረፍት የምንመለስ ወጣቶች፣ ቡሬ ገበያ እህል ጭኖ የመጣውን፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆነውን ገበሬ «አንተ» ብለን፣ ከረባት ያሰረውን ወጣት ጸሐፊ «እርስዎ» ካልን፣ ያከበርነው ልብሱን ነው። ገበሬው ግን ልጁ የሚሆነውን ጸሐፊ «አንቱ» ይላል። ይህንንም አነጋገር «የባላገር» ብለን እንስቅበታለን! ከማን ልንማር ይገባን ነበር?

ስለዚህ ወዳጆቻችን ሆይ፣ አፋችን በአንድ ቀን እግዚአብሔርንም ድሃውንም «አንተ» ሲል ልባችንን እንመርምር። አንዱን ስለ ቀረብነው፣ ሌላውን ስለ ናቅነው ከሆነ፣ የጠዋቱ ጸሎታችን ከሰዓት በኋላ በገበያ ይፈርድብናል። «አንቱ» ለማለት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ለተቀበለው ሽማግሌ ግን ዋጋው ብዙ ነው።