ሐኪም ከሥራው ስለሚያርፍበት ዘመን

እግዚአብሔር ለእስራኤል የድንኳኑን ሥርዓት ባዘዘ ጊዜ የአገልጋዮቹን ዕድሜ ሳይወስን አልተወም። በኦሪት ዘኍልቍ በ8ኛው ምዕራፍ መጨረሻ እንደምናነበው፥ ሌዋዊ በ25 ዓመቱ ወደ አገልግሎት ይገባ ነበር፤ 50 ዓመት በሞላው ጊዜ ደግሞ ሸክሙን ያወርድ ነበር። ይሁን እንጂ ሸክሙን አወረደ ማለት ከድንኳኑ ተሰናበተ ማለት አልነበረም፤ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ይጠብቅ ነበር እንጂ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብበን አልፈነዋል። ወደ ልባችን የገባው ግን አንድ ሐኪም ወዳጃችን ጡረታ በወጡ ማግስት የሆነውን ካጫወቱን ወዲህ ነው።

እኒህ ሰው ከዋናው ከተማ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል 34 ዓመት አገልግለዋል። ባልደረቦቻቸው ግብዣ አድርገው፥ ካባ አልብሰው፥ በጭብጨባ አሰናበቷቸው። በማግስቱ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፤ ታጠቡ፤ ከረባታቸውን አሰሩ፤ የልብ ማዳመጫቸውን በኪሳቸው ከተቱ፤ እግራቸውም እንደ ልማዱ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዳቸው። ዘበኛው እጅ ነሥቶ በሩን ከፈተላቸው። ወዴት እንደ መጡ ያወቁት በዚያን ጊዜ ነበር። አፍረው፥ መነጽራቸውን ረስተው እንደ ነበረ ለዘበኛው ነገሩት፤ መነጽሩ ግን በዓይናቸው ላይ ነበረ። ይህን ሲያጫውቱን ሣቁ፤ እኛም አብረን ሣቅን፤ ሣቃችን ግን አልቈየም። ስማቸውን ሳንጠራ እንድንጽፈው ፈቅደውልናል።

ለማንኛውም ሠራተኛ ከሥራ መለየት ቀላል አይደለም፤ ለሐኪም ግን የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ሐኪም በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም የሚጠራው በሥራው ነው። ወላጆቹ ያወጡለት፥ ካህኑም በጥምቀቱ ቀን የሰየመው ስም ተረስቶ፥ ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ በእንግዳ ፊት እንዲሁ የምትጠራው ሚስትም አትታጣም። እንግዲህ ይህ ሰው ነጩን ጋዋን ባወለቀ ጊዜ ከጋዋኑ ሥር ማን እንዳለ ራሱም ላያውቅ ይችላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኩለ ሌሊት ሲቀሰቅሱት ያማርር የነበረ፥ የሚቀሰቅሰው ባጣ ጊዜ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። ሥራው ሳለ የዛሬው በሽተኛ የትናንቱን ያስረሳል። የዳኑት አመስግነው ሄደዋል፤ በእጁ ላይ ያለፉት ግን ጸጥታ በሆነ ጊዜ ይመለሳሉ። በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት፥ ዘግይቶ የደረሰ ሕፃን፥ «ያን ጊዜ እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚያሰኝ አንድ ሌሊት። ብዙዎች ይህን ለማንም ሳይናገሩ ያረጃሉ፤ በመጠጥ ሊያስረሱት የሚሞክሩም አሉ። እኛ የምንመክረው፥ የጡረታው ቀን ሳይደርስ ይህን ሸክም ይዞ ወደ ንስሐ አባት መሄድን ነው። በዚያም ሁለቱን ነገር መለየት ይገባል። በቸልታ ወይም በትዕቢት የተሠራ በደል ካለ ንስሐ ይገቡበታል፤ የሰው እውቀት ካልደረሰበት የተነሣ የሆነውን ግን እንደ ኃጢአት መቍጠር፥ የራስን እጅ ከእግዚአብሔር እጅ ጋር ማስተካከል ይሆናል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም እንዲከበር ባስተማረበት ቦታ ፈውስ ከልዑል ዘንድ መሆኑን አያይዞ መናገሩ፥ በሽተኛውን ለማስተማር ብቻ አይመስለንም፤ ሐኪሙንም ያሳርፈዋል። ሐዘኑ ጠንቶ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ቢሆን ደግሞ፥ ሐኪም ወደ አእምሮ ሐኪም ቢሄድ ነውር የለበትም። ለሌላው ያዘዘውን ለራሱ ማፈር ምን ይባላል?

አሁን ደግሞ ደፍረን ልንናገረው የሚገባ አለ። ከሥራው መለየትን የፈራ ሐኪም እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይሰውረዋል፤ ዓይኑ ሲደክም መብራቱን ያማርራል። በዚህም የሚጐዳው እርሱ ሳይሆን በአልጋው ላይ ተኝቶ ያመነው ሰው ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ሁሉ ደክሟል አላልንም፤ ሙሴ በ120 ዓመቱ ዓይኑ እንዳልፈዘዘ ተጽፏል፤ መሥሪያ ቤቱም ሲፈልገው የሐኪሙን አገልግሎት የሚያራዝምበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያ ዓይኑ ያልፈዘዘው ሙሴ እንኳ ገና በሕይወቱ ሳለ በማኅበሩ ሁሉ ፊት እጁን በኢያሱ ላይ ጫነ። አሮንም በሖር ተራራ ልብሰ ክህነቱን አውልቆ ልጁ አልዓዛር ሲለብሰው በዓይኑ አየ። ልብሱን ከሬሳው ላይ አልገፈፉትም፤ ሕያው ሳለ አስረከበ እንጂ።

በዚህ ረገድ የዶክተር ካትሪን ሀምሊንን ሥራ እናስታውሳለን። እኒህ አውስትራልያዊት ሐኪም ከባለቤታቸው ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ቢላዋውንም ለብቻቸው አልያዙትም። ማሚቱ ጋሼ ከገጠር በሽተኛ ሆነው የመጡ፥ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ነበሩ፤ በሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው መሣሪያ ከማቀበል ተነሥተው ቀዶ ጥገናውን ተማሩ፤ በኋላም ለሌሎች ሐኪሞች የሚያስተምሩ ሆኑ። ዶክተር ሀምሊን በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው ባረፉ ጊዜ ቀዶ ጥገናው አልተቋረጠም። ታዲያ ከጡረታው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት፥ ለአንድ ወጣት ሐኪም እጁን ያላስተማረ ሐኪም ዕውቀቱን ወዴት ሊወስደው ነው?

ስለ እንጀራም ዝም ልንል አይገባንም፤ ባዶ ማጀት ጸሎትን ያውካልና። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከመቶ 11 ያዋጣሉ። አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ሲሆን፥ ለመጀመሪያው 10 ዓመት ከመቶ 30፥ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 እየተጨመረ፥ ከመቶ 70 ሳያልፍ ይከፈላል። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የሚደርሰው ከደመወዙ ከመቶ 55 ነው። ልብ በሉ፤ የሚሰላው ከደመወዙ ነው፤ የተረኝነቱ ክፍያና የማታው ክሊኒክ ገንዘብ በዚህ ውስጥ የለም። ኑሮውን በማታው ገንዘብ የለካ ሰው ባንድ ወር ውስጥ ከከፍታ ይወድቃል። ብልህ ግን አስቀድሞ፥ ገና ሙሉው ገንዘብ እየገባ ሳለ፥ በጡረታው ልክ መኖርን ይለማመዳል፤ በማኅደሩ ያለውን የልደት ቀንና የአገልግሎት ዘመን አስቀድሞ ያረጋግጣል፤ ዕዳውንም ይዘጋል።

በሽተኞቹንስ እንዴት ይተዋቸዋል? ለዓመታት በስኳርና በደም ግፊት ሲመላለሱበት የኖሩ አሉ። እነዚህ አንድ ቀን መጥተው የተዘጋ በር እንዳይገጥማቸው፥ ከወራት አስቀድሞ ይነግራቸው፤ ተተኪውንም ፊት ለፊት ያገናኛቸው፤ ካርዳቸውንም ሌላው ሊያነበው በሚችል ጽሕፈት ይጻፍ። (ስለ ሐኪሞች ጽሕፈት ከዚህ በላይ ባንናገር ይሻላል።) ደግሞም ለሺህ ሰው የደም ግፊት ሲለካ የኖረ የራሱን ያስለካ።

በቤቱም በኩል፥ ቤቱ ያለ እርሱ መኖርን ተምሯል። ባለቤቱ በዓሉን ብቻዋን አክብራለች፤ ልጆቹን ብቻዋን አሳድጋለች። ዛሬ በድንገት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ቤቱን እንደ በሽተኞች ክፍል ሊያዝበት ቢነሣ ሰላም አይገኝም። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከዚያም እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሥራውን ከእርሷ ይማር።

የመነጽሩ ወዳጃችን ከዚያ ማለዳ በኋላ ሁለት ወር ያህል በሆስፒታሉ መንገድ ማለፍን ትተው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ወንጌልን ሲያነቡ በማቴዎስ 25ኛው ምዕራፍ ላይ ቆሙ። ጌታችን በፍርድ ቀን ስለ በሽተኞች የሚጠይቀን ስለ መፈወሳችን ሳይሆን ስለ መጠየቃችን መሆኑን ያን ቀን አስተዋሉ፤ «ሠላሳ አራት ዓመት ስፈውስ ኖሬ፥ ስንቱን ጠይቄ ይሆን?» አሉን። አሁን በየሳምንቱ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ፥ ያለ ማዳመጫ ይሄዳሉ። ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ነርሷ ትጠቁማቸዋለች፤ በአልጋው አጠገብም ይቀመጣሉ። ወጣቶቹ ሐኪሞች ምክር ቢጠይቋቸው ይመልሳሉ፤ ካልጠየቋቸው ዝም ይላሉ። ባለፈው ጊዜ አብረናቸው ሄደን ነበር። አንድ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ እጃቸውን ይዘው፥ «ልጄ፥ ሥራህ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ወዳጃችንም ጥቂት አስበው በክርስትና ስማቸው ራሳቸውን አስተዋወቁና ብርቱካኑን መላጥ ቀጠሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።