የመንገድ ውለታ

ሰው ከዘመዱና ከወዳጁ የሚቀበለው በጎ ነገር ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ ዛሬ የተቀበለ ነገ በሠርግ ወይም በኀዘን ቀን ይመልሳል። በመንገድ ላይ ከማያውቁት ሰው የሚገኘው በጎነት ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ የለውም። ሰጪው ስማችንን ሳይጠይቅ ይሰጣል፤ እኛም ዳግመኛ ላናገኘው እንለየዋለን። እንግዲህ ይህ ዕዳ ለማን ይከፈላል?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ በሁለት ንግግር መልስ ሰጥተውበታል። መንገደኛ መሽቶበት ከሰው ደጅ ሲቆም «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ሲሸኙትም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ቃሉን ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ እንግዳውም የእግዚአብሔር ነው፥ ከፋዩም እግዚአብሔር ነው። ይህ ድኻውን ከማፈር፥ ባለጸጋውንም ከመመካት ያዳነ ታላቅ ጥበብ ነው። ዳሩ ግን ዕዳውን ወደ ሰማይ ያስተላለፈ ሰው የአስተናጋጁን ፊት በሚገባ ሳያይ ሊሄድ ይችላል።

በዘጌ፥ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተሥሎ ይታያል። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ ከበላ በኋላ ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ እፍኝ ውሃ ቢሰጥ፥ ውሃው ሚዛን ደፋ። ስለ ሰጪው መዳን ሁሉ ይናገራል፤ ጠጪው ያጠጣችውን እጅ ዐውቆ ምን እንዳሰበ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመንም።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን በጣና ዳር ያየነው ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ የምንጠብቃት ጀልባ ቀረች፤ ዝናቡም ወረደ። ከነገደ ወይጦ ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ ታንኳውን ከዳር አውጥቶ ሲያበቃ አየንና «ልጆቼ፥ በዚህ ዝናብ ወዴት ናችሁ? ኑ ግቡ» ብሎ ወደ ጎጆው ወሰደን። እሳት አነደደልን፤ መደቡን ለቀቀልን፤ ዓሣ ጠብሶ አቀረበና «ብሉ» አለን። ከመካከላችን አንደኛው ጓደኛችን «ጾም ነኝ» አለ። ቀኑ ማክሰኞ፥ ወሩም የሐምሌ አጋማሽ ነበር። ሽማግሌው ምንም አልመለሰም፤ ድርሻውን አንሥቶ ለልጅ ልጁ ሰጠና ጓደኛችን በተቀመጠበት በኩል ማገዶ ጨመረለት።

ነገደ ወይጦ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የኖሩ፥ ደንገል ቈርጠው ታንኳ የሚሠሩ ሕዝብ ናቸው። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው የእንግሊዝ ቆንሲል ሮበርት ቺዝማን ሐይቁን ያጠናው በዚሁ በደንገል ታንኳ እየተጓዘ ነው። ቀድሞ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቶቻቸው ንጹሕ አይደሉም እያሉ ማዕድ ይለዩአቸው ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የእስልምናን ሃይማኖት ይከተላሉ፤ አደኑ ሲቀር መለየቱ ግን ፈጽሞ አልቀረም።

ማዕድ መለየት የሃይማኖት ሥርዓት ነው የሚል ይኖራል። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ የሌላውን ዕርድ አለመብላቱ እውነት ነው፤ በዚህም ማንም ማንንም አላዋረደም። ዓሣ ግን ተባርኮ አይታረድም፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ መረብ ይበላል። ስለዚህ ጓደኛችን የሸሸው ዓሣውን ሳይሆን ያቀረበውን እጅ ነው። ይህም ሲባል ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲነጋ ገንዘብ ለመክፈል ከሁላችን የቀደመው እርሱ ነበር፤ ሽማግሌውም አልቀበልም አለ። በገንዘብ የሚከፈል ዕዳ ቀላል ነው፤ ከከፈሉ በኋላ መተዋወቅ አያስፈልግምና።

በወንጌል የተነገረው ሳምራዊም አይሁድ የማይተባበሩት ወገን ነበር። ምሳሌውን ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ ራሳችንን በሳምራዊው ቦታ እናቆማለን፤ በቆሰለው ሰው ቦታ የሚያኖር ጥቂት ነው። ያ ሰው ከዳነ በኋላ ሳምራዊው ከደጁ ቢቆም ምን ያደርግ ይሆን? ጥያቄው ለኢያሪኮ መንገድ ብቻ የተጠየቀ አይመስለንም። በባሕር ዳርም የታንኳ ሠሪው ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል፤ ምሳ ሲፈታ ማን ከማን ጋር እንደሚቈርስ ከእኛ ይልቅ መምህራኑ ያውቁታል።