ከቦርከና ግርጌ ያለው ጎረቤታችን

ከወሎ ሰው መልካም ልማዶች አንዱ አውፍ መባባል ነው። ለሐጅ የተነሳ ወይም ሕመም የጠናበት ሰው ዘመዱን፣ ጎረቤቱንና የገበያ ደንበኛውን ሁሉ «ሐቅ ካለብኝ አውፍ በሉኝ» ይላል። ይህን የሚለው አላህ በራሱ ሐቅ መሐሪ ቢሆንም የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወው በቀር እንደማይሰረዝ ስለሚያውቅ ነው። ለመሆኑ አይተነው የማናውቀው ሰው ሐቅ ቢኖርብንስ ማንን ነው አውፍ በለን የምንለው? ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር ሰዎች ይህን ጥያቄ ልንሸሸው አንችልም። ምክንያቱም ሐቁ በየቀኑ በወንዝ እየወረደ ነው።

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ይነሳል። ከተማይቱን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እዚያ ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ወንዞች ይቀላቀሉታል። ከዚያም ሐርቡን አልፎ ከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋን ረግረግ ሜዳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይጓዛል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንግዲህ ወንዛችን ይዞት የሄደውን ነገር «ባሕር ወሰደው» ብለን ልንረሳው አንችልም። ወይ ከአንድ ገበሬ ማሳ፣ ወይ ከአንድ አርብቶ አደር ከብት ሆድ፣ ወይ ከአንዲት እናት እንስራ ውስጥ ይገኛል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ይዘው የሚሰበሰቡት ጨፋ ላይ ነው።

ወደዚህ ውሃ ምን እንጨምርበታለን? ደሴ ላይ የቤት ጥራጊና ፍሳሽ በየፈፋው ወርዶ ይገባበታል። ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በለዮሌና በወርቃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ክሮምየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች ወደ ወንዞቹ እንደሚገቡ አሳይተዋል። ክሮምየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነው። እንዲህ ያለው ብረት እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሶ አይጠፋም። ከወንዙ ደለል ላይ ይተኛል፤ ጎርፍ ሲመጣ ይነሳል፤ በመስኖ ወደ አትክልት ይገባል።

ውዱእ ስናደርግ የውሃን ንጽህና በቀለሙ፣ በሽታውና በጣዕሙ እንለያለን። ዑለማዎቻችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ዓይንም አፍንጫም ምላስም የማይደርስበት መርዝ አለ። ስለዚህ የላቦራቶሪውን መሣሪያ የያዘ ሰው የምስክርነት አማና አለበት። አውቆ ዝም ያለ ባለሙያ ምስክርነቱን እንደ ደበቀ ሰው ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሃን ሰዎች ሁሉ በጋራ ከሚካፈሏቸው ነገሮች ቆጥረውታል። በመዲና የተፈጠረ አንድ ክርክርም አለ። የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) አትክልት ከላይ፣ የአንድ አንሷሪ አትክልት ደግሞ ከታች ነበር፤ በአንድ ቦይ ውሃ ተጣሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር መጀመሪያ ያጠጣ ዘንድ፣ ከዚያም ውሃውን ለጎረቤቱ ይለቅ ዘንድ አዘዙ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ከላይ ያለው ሰው የቀደምትነት መብት አለው፤ ማንም አልነፈገውም። ሁለተኛ፣ ከታች ያለው ሰው የተጠራው ጎረቤት ተብሎ ነው። ሁለቱን ያጎራበታቸው ውሃው ነው። ዙበይር የለቀቀው ውሃ ደግሞ አትክልት የሚያጠጣ ውሃ ነበር። እኛ ለጨፋ የምንለቀው ውሃ እንደዚያ ያለ ነውን?

«ፋብሪካው ከተዘጋ ልጆቻችን ምን ይበላሉ?» የሚል ወገን አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሥራ ያጣ ወጣት ያለበት ቤት ያውቀዋል። የሚጠቀመውና የሚጎዳው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ይወስን ነበር። እዚህ ግን ደመወዙ ኮምቦልቻ፣ ትርፉ ከዚያም ርቆ ሲሄድ፣ ጉዳቱ የሚወርደው ያልተጠየቀው ገበሬ ላይ ነው። ፋብሪካ ማጣሪያ ባለመሥራቱ የሚያተርፈው ገንዘብ ከሰማይ የወረደ ሲሳይ አይደለም፤ ከዚያ ገበሬ ላይ የተወሰደ ሐቅ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ፋብሪካው ይዘጋ ብለን ሳይሆን ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ብለን ነው። ጥያቄውም እንደየአቅሙ ነው፤ የዕቃ እጣቢ የደፋችው ድሃና ባለ ፋብሪካው እኩል አይጠየቁም።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው ጉዳቱ በግሉ እንደ ደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። ያ ጊዜ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ታዲያ ለጨፋ ሰው ስንቶቻችን አቤት አልን?

ጊዜው ደግሞ እየከፋ ነው። ወሎ የ1966ንና የ1977ን ድርቅ አይረሳም። በልግ ሲቀር ወንዙ ይቀጥናል፤ ወንዙ ሲቀጥን ያው ፍሳሽ በጥቂት ውሃ ስለሚበጠበጥ መርዙ ይጠናል። ተራራውን ስናራቁት ደግሞ ዝናቡ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይሄድና ለበጋ የሚቀር ምንጭ ይጠፋል።

ምን ይደረግ? ወሎ ቅሬ የሚባል ነገር አለው። በቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፤ ለቀብር ያልወጣ ይወቀሳል፤ ያጠፋም ይቀጣል። ቅሬያችን ግን የሰፈር ነው። ቦርከና የሚያጎራብታቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ቅሬ ቢሆኑስ? ኢማሞቻችንና ሽማግሌዎቻችን ወደ ጨፋ ወርደው ውሃውን አይተው፣ የገበሬውን ቃል ሰምተው ቢመለሱ፣ ከዚያም ያዩትን በጁምዓ ኹጥባ ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱና በፋብሪካው ደጃፍ ቢናገሩ መልካም ጅምር ይሆናል።

ለሐጅ የሚነሳው የደሴ ሰው አውፍ እያለ ከቤት ቤት ሲዞር አንድ ቤት ይቀረዋል። የዚያን ቤት ሰው ስም አያውቀውም። ሰውየው ግን ውሃ ቀድቶ በጠጣ ቁጥር ከላይ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል።

ወላሁ አዕለም።