ሥጋን ማስተማር ስለ ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ወላጅ ልጁ በትምህርት ቤት ሲሮጥና ሲዘል ባየ ጊዜ «ገንዘቤን ለጨዋታ ከፈልሁን?» ይላል። ከእኛም ከካህናቱ ወገን የሐዋርያውን የጳውሎስን መልእክት ጠቅሶ ሥጋን ማስለመድ ጥቅሙ ጥቂት ነው የሚል አይጠፋም። ሐዋርያው ግን ጥቂት አለው እንጂ ከንቱ አላለውም፤ ራሱም የክርስቲያንን ተጋድሎ በሩጫ መስሎ አስተምሯል።

ሥጋን ማስተማር ለአገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ሌሊቱን ሲቆም፥ እግሩን ከከበሮው፥ ትንፋሹን ከዜማው ጋራ ማስማማትን ይማራል። በዚያ ቤት የሚመሰገነውም ጉልበታሙ አይደለም፤ እርምጃው ከጓደኞቹ ጋራ የተስማማው ነው እንጂ።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍጻሜው ምንድር ነው? ፈጣኑን ከዘገምተኛው መለየት ነውን? ፍጥነት አብዛኛው የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ መምህሩ ያላስተማረውን ቢያመሰግን፥ ተማሪውም ያልደከመበትን ነጥብ ቢቀበል፥ ትምህርት የተባለው ወዴት አለ? ትምህርቱስ ልጁ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ መቻሉ፥ ዳኛ ሳያየው ሕግ መጠበቁ፥ ሲሸነፍ አለመቆጣቱ፥ ሲያሸንፍ አለመታበዩ፥ ጤናውን እስከ ሽምግልና የሚጠብቅበትን ልማድ መያዙ ነው።

አንድ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት እግሩ የሰለለ ልጅ የጓደኞቹን ልብስ እንዲጠብቅ ታዝዞ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አየሁ። ክንዱ ግን ጤናማ ነበር። ዓመቱን ሁሉ የተማረው ልብስ መጠበቅን ብቻ ከሆነ፥ ጥፋቱ የእግሩ አይደለም። ዩኔስኮ በ1971 ዓ.ም. ባወጣው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሰው ሁሉ መብት መሆኑን አስታውቋል፤ የብርቱዎች ብቻ አላለም።

በእግሩ ብቻ የተመሰገነ የሚመስለንን ሰው እንመልከት። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት በመወርወር ተወዳደረ። እግሩ ሲወሰድበት አብሮ ያልተወሰደ ትምህርት ነበረው ማለት ነው። የምንሻው ፍጻሜ ይህ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ከዛፉ ሥር የተቀመጠ እንዳለ ተመልከቱ፤ ቢኖርም ጠርታችሁ የሚችለውን አስተምሩት።