ሁለት ጣት በረዶ

ትምህርት ቤት ለጥቂት በረዶ ሊዘጋ ይገባልን? ጥያቄው አገር ቤት ላለው ወገናችን እንግዳ ነው፤ በስደት ለሚኖር ቤተሰብ ግን የኑሮ ጥያቄ ነው።

እኔ የምኖረው ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ፣ በፍሌሚንግስቤሪ ነው። በጥር ማለዳ ወደ ሆስፒታል ስሄድ፣ ሕፃናት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰው፣ በጨለማው በረዶውን እየረገጡ ወደ ትምህርት ቤት ሲጓዙ አያለሁ። ሁለት ጣት በረዶ ወረደ ብሎ በሩን የሚዘጋ የለም። ታናሽ እህቴ በምትኖርበት በቨርጂንያ ግን ያው ሁለት ጣት ትምህርት ሊያዘጋ ይችላል። በዚህ ለብዙ ዓመታት በስልክ ስቀልድባት ኖሬያለሁ። እርስዋም «ጋሼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብለው እኮ ነው» ትለኝ ነበር።

አንድ ምሽት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ትምህርት ተዘግቶ ስለ ነበር፣ የስድስት ዓመት ልጇን ለዘጠኝ ዓመት እህቱ ትታ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሄዳለች። ደመወዟ በሰዓት የሚታሰብ በመሆኑ መቅረት አልቻለችም። ትንሹ የፈላ ውኃ እጁ ላይ ደፋ። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለሃያ ደቂቃ እንድታፈስስበት፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ እንድትወስደው ነገርኋት። ቁስሉ ድኗል፤ ሐሳቡ ግን ከእኔ አልወጣም። ልጁ የተጎዳው ከአደጋ ይጠበቅ ተብሎ ትምህርት በተዘጋበት ቀን ነው። መንገድ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ የበረዶ አደጋ ይባል ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ መቃጠሉን ግን ከበረዶው ጋር አያይዞ የሚቆጥረው የለም።

ይሁንና በሚዘጉት ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። በእኛ ሰፈር ብዙው ልጅ ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ እዚያ ግን በቢጫ አውቶቡስ የሚሄደው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2015 የቨርጂንያው የፌርፋክስ አውራጃ በረዶ እየጣለ ትምህርት ቤቶቹን ባለመዝጋቱ ወላጆች ክፉኛ ተቆጡ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ኃላፊ የሆነ ሰው ቢፈራ አይደንቅም። እኔም ብሆን በረዶ አንሸራትቶት የእጁ አንጓ የተሰበረ ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በረዶው ስንት ጣት ነው የሚለው ሳይሆን፣ የጥንቃቄውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራ አባት ቀኑን እንደ በዓል ሊያሳልፈው ይችላል። እህቴን የመሰለች እናት ግን ከደመወዟና ከልጇ አንዱን እንድትመርጥ ትገደዳለች።

ስዊድኖችም ትምህርት ቤት የዘጉበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 በጦርነቱ ምክንያት የማሞቂያ ከሰል ቢያጥራቸው፣ ለመቆጠብ ሲሉ ለአንድ ሳምንት ዘጉ። ነገር ግን ልጆቹ ሥራ ፈትተው እንዳይውሉ የስፖርት ጨዋታ አሰናዱላቸው፤ ዛሬ በየክረምቱ የሚሰጠው «የስፖርት ዕረፍት» መነሻው ይኸው ነው። በሩን ሲዘጉ፣ ልጁ የት ይውላል ብለው አስበዋል።

በእኔ እምነት ለሁለት ጣት በረዶ ትምህርት ቤት መዘጋት የለበትም። አውቶቡስ መውጣት ባይችል እንኳ፣ መምጣት ለሚችለው ልጅ አንድ ሞቅ ያለ ክፍልና አንድ መምህር ሊኖር ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉ እውነት ነው፤ የእህቴን ልጅ ያቃጠለው ግን ያው ቅጠል ነው።

አሁን በረዶ ጣለ ስትለኝ አልቀልድም። «ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው?» እላታለሁ።